ከባትሪው ሥር ያለች ጎማ

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ሹፌር መኪናውን በሰው እያስገፋ ሱቄ ደጃፍ አመጣት። አዲስ ቴፕ ካስገጠመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንደማትነሳለት፣ ባትሪው ሁለት ቀን ሳይሞላው ልፍስፍስ እንደሚል ነገረኝ። እንዲህ ያለውን ሕመም በየሳምንቱ ስለምሰማ አልገረመኝም። ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን ፈታሁና ወደ ላይ ሳነሳው አንድ ነገር ከሥሩ ተጣብቆ አብሮ ተነሳ። በመቀስ አራት ማዕዘን ተደርጋ የተቆረጠች፣ ሁለቴ የታጠፈች የጎማ ከመነዳሪ ነበረች። የአሲድና የጋለ ጎማ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ደረሰ፤ ባትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ይቺ ጎማ ምን ትሠራለች?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«መንገጫገጭ ባትሪ ይገድላል ይባል የለም እንዴ?» አለኝ። «አባቴ ነው ያደረጋት። እዚህ ከሚሴ የማያደርግ የለም እኮ። አንተ በዚህ ሥራ ኖረህ አታውቃትም?»

አውቃታለሁ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም። ያቺ ጎማ ከከሚሴ መኪናዎች ኮፈን ሥር የገባችው በእኔ ውሸት ነው። ውሸቷን የነገርኳቸው ሰው ዛሬ የሉም፤ ጎማዋ ግን ይኸው አለች፣ ከአባት ወደ ልጅ ትተላለፋለች።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ኮምቦልቻ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሬ ወረቀቴን ይዤ መመለሴ ነው። እናቴ ወረቀቴን በመስታወት አሠርታ ሳሎን ውስጥ ከካዕባው ሥዕል ጎን ሰቀለቻት። ሰፈርተኛው «ኢንጂነር» ይለኝ ጀመር፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ እያሾፈ። እኔ ግን ለይቼ መስማት አልፈለግኩም፤ ስሙ ጣመኝ። ካቻቢቴ ሸሚዝ ኪሴ ላይ ሰክቼ ነበር ጁምዓ ሶላት የምሄደው። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ መስጊድ ውስጥ ምን ልፈታበት ነበር?

የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ አንዲት ነጭ ፒካፕ ነበረችው። ከጨፋ ሽንኩርትና ማሽላ ይጭንባታል፤ እሑድ ሲሆን ወደ ሰንበቴ ገበያ ይሄድባታል። መኪናዋን ከሚገባው በላይ ይወዳት ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ዘመዱ «ጥላ ውስጥ ላስገባት» ብሎ ከግንብ ጋር ስላላተማት ከዚያ ወዲህ ቁልፏን ለማንም አይሰጥም። በክር አስሮ ሽርጡ መቀነት ውስጥ ይሸጉጠዋል፤ ሚስቱ እንኳ ቁልፉን የምታየው ሽርጡ ሲታጠብ ነው።

ጁምዓ ከሶላት መልስ ጓደኞቹ አጎቴ ግቢ ባለችው ግራር ጥላ ሥር ይሰባሰቡ ነበር። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ጫቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ መንዙማ ይከፈታል። መንዙማው የሚከፈተው ደግሞ ከመኪናዋ ነው፤ ሁለቱም በሮች ወለል ተደርገው። ችግሩ መንዙማ በተፈለገ ቁጥር አጎቴ መቀነቱን እየፈታ ቁልፍ ማውጣት ነበረበት። አሮጌው ቴፕ ሲበላሽበት ከአዲስ አበባ ፍላሽ የሚጎርስ አዲስ ቴፕ፣ ሁለት ስፒከርና ከወንበር ሥር የሚቀመጥ ድምፅ ማጉያ አስመጣና ጠራኝ።

«ቁልፍ ሳይገባ የሚያወራ አድርገህ ግጠምልኝ» አለኝ። «ከቻልክ ነው ታዲያ። ካልቻልክ ደሴ እልካታለሁ።»

ደሴ እልካታለሁ ያለው ነገር ነው የቆሰቆሰኝ። «ጋሼ፣ ይሄማ ጨዋታ ነው» አልኩት።

ቴፑ ብዙ ሽቦ ነበረው፤ ለነገሬ የሚያስፈልጉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ያገኛል። ቀዩ ኃይል የሚያገኘው ቁልፍ ሲዞር ነው። ቀጭኑ ሰማያዊ ደግሞ ቴፑ ሲበራ ማጉያውን ይቀሰቅሰዋል፣ ሲጠፋ ያስተኛዋል። እኔ ሦስቱንም አንድ ላይ ጠምዝዤ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ፣ በአንዲት ፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘኋቸው። ቢጫና ቀዩ እንኳ ግድ የለም፤ ቁልፍ ሳይገባ እንዲያወራ ተብሏልና። ሰማያዊውን ግን እዚያ ማሰሬ ማጉያው ለዘላለሙ እንዳይተኛ ማድረጌ ነበር። ቴፑ ቢጠፋም እሱ ከወንበር ሥር ነቅቶ ባትሪውን ይጠጣል። ይህን ትምህርት ቤት አስተምረውኛል፤ ፈተናም ላይ መጥቶልኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ድምፁን ቶሎ ለማሰማት ቸኩዬ ነበር።

ድምፁም ወጣ። የመንዙማው ድቤ ሲመታ የመኪናዋ በር ይርገበገብ ነበር። ከአጎቴ ጓደኞች አንዱ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። አጎቴ በሰው ፊት ትከሻዬን አቅፎ፣ «ዘንድሮ አስፋልቱ ዳር አንድ ክፍል እከራይለታለሁ» አለ። «የእህቴ ልጅ ከእንግዲህ ተቀጥሮ አይሠራም።» ወደ እኔ ዞሮም በሩ ላይ የሚጻፈውን አስብ አለኝ። አሳቤ ወዲያው እዚያ ሄደ፤ የፊደሉን ቀለም ሳይቀር መርጬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኪናዋ እንቢ አለች። ማስነሻዋ ሞተሪኖ ጠቅ አለና ዝም። ከሱብሂ ሶላት የሚመለሱ ሰዎች በቁልቁለቱ ገፍተው አስነሷት። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ እንደዚያው። በሁለተኛው ሳምንት መግፋቱ ልማድ ሆነ፤ ሰዎቹ ከመስጊድ ሲወጡ ሳይጠሩ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ከኋላዋ ይሰለፉ ጀመር። «ይቺ መኪናህ ጀመዓ ካልተሰበሰበላት አትነሳም» ይሉታል። አጎቴ ይስቃል፤ ሳቁ ግን እያጠረ ሄደ። እሑድ ሰንበቴ ላይ ብትቆምበት ከእነ ጭነቱ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው።

«ምን ሆና ነው?» ሲለኝ ሳልለካ፣ ሳልፈትሽ፣ አፌን ሞልቼ «ባትሪው ነው» አልኩት። «ጥሩ ባትሪ አልሰጡህም።»

ባትሪው የተገዛው ቴፑ ከመገጠሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከባትሪው ሽማግሌ ነበር። ሰፈሩ የሚያውቃቸው እንዲያ ብሎ ነው። ከከተማው ድልድይ ማዶ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረቻቸው። የጨፋ ገበሬ የቤት መብራት ባትሪውን፣ ሹፌሩ የመኪናውን፣ መስጊዱ የድምፅ ማጉያውን ባትሪ የሚያመጣው ወደ እሳቸው ነው። ሱቃቸው ገና ሳይገቡባት አሲድ አሲድ ትሸታለች፣ ጉሮሮ ትከረክራለች። ሽርጣቸው አሲድ የበላው ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶበታል፤ የጣቶቻቸው ጫፍ ነጭ ሆኖ ነበር። አዲስ ባትሪ ሲሸጡ አሲዱን ራሳቸው ይሞላሉ፣ በመስታወት ቱቦ ክብደቱን ይለካሉ፣ ቻርጅ ያደርጉታል፣ እንደገና ይለካሉ። ሌላው ነጋዴ ወላሂ ሲል እሳቸው አይምሉም። መዳፋቸውን ባትሪው ላይ ዘርግተው ያሳርፉና፣ «ይሄ ቢከዳህ የከዳሁህ እኔ ነኝ» ይላሉ። በቃ። ከዚያ ሌላ ዋስትና የጠየቃቸው ሰው አላውቅም።

አጎቴ ሰው ላከባቸው። ጁምዓ ከሶላት መልስ መጥቼ አየዋለሁ አሉ።

የዚያን ጁምዓ ጠዋት መኪናዋን ላጸዳ ገባሁ። ጥቅምት ነበር፤ ጤዛው በመስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ የበሩ ብረት እጅ ያቀዘቅዛል። ከወንበሩ ሥር ጨርቅ ይዤ እጄን ሰደድኩ። መዳፌ ማጉያው ላይ አረፈ። ሞቃት ነበር። መኪናዋ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ አልተነሳችም፣ ቴፑ ጠፍቷል፣ እሱ ግን አሁን ከጋጣ እንደወጣ ጥጃ ሆድ ይሞቃል። ጎንበስ እንዳልኩ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሰማያዊዋ ሽቦ ወዲያው ዓይኔ ላይ መጣች።

ልንገርህ፣ ጊዜ አላነሰኝም ነበር። ሶላት እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ያህል ነበረኝ። አጎቴ በረንዳው ላይ ቁርሱን እየበላ ነው፤ በመካከላችን አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ማለት ይቻል ነበር። ምናልባት ይስቅ ነበር። እኔ ግን የታየኝ ደሴ እልካታለሁ ያለው ቃሉ፣ አስፋልቱ ዳር ያለችው ክፍል፣ የመረጥኩት ቀለም፣ ባትሪው ነው ብዬ በየቦታው የነዛሁት ወሬ ነው። ሽቦዋን ልፈታ ካቻቢቴዬን አወጣሁ። ያን ጊዜ አጎቴ ከበረንዳው ተነስቶ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። ዳሽቦርዱን ፈትቼ ቢያገኘኝ ምን እለዋለሁ? ኮፈኑን ከፈትኩና ማጉያው እንዲተኛ ፊውዟን ብቻ ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት። የባቄላ ፍሬ አታክልም።

«ደህና አይደል?» አለኝ።

«እያጸዳሁ ነው» አልኩት።

ሽማግሌው በባጃጅ መጡ። ሶላት የሰገዱበት ነጭ ኮፍያ ራሳቸው ላይ ነው፤ በእጃቸው አንዲት የመኪና አምፖል ይዘዋል፣ ሁለት ሽቦ የተበየደባት። ጓደኞቹ ከግራሯ ሥር ተነስተው መኪናዋን ከበቡ። ሽማግሌው ሰላምታውን አልቸኮሉበትም፤ የእያንዳንዱን ጤና፣ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ጠየቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቴፑን የገጠምከው አንተ ነህ አሉ። ሽቦው ፈያ ነው? ሁሉ ደህና ነው?»

«ፈያ ነው፣ አባ» አልኳቸው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁኝ። መልሴን ተቀበሉ፤ የተማረ ልጅ ነው ብለው።

የባትሪውን አንድ ገመድ ፈቱና አምፖሏን በመካከል ያዟት። ለቆሙት ሰዎች እያስረዱ ነበር የሚሠሩት። «ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሳለ ውስጥ ተደብቆ የሚጠጣ ካለ ይቺ ትበራለች። ካልበራች የሚጠጣ የለም፤ ሕመሙ ከባትሪው ነው።» ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። አምፖሏ አልበራችም። ሽማግሌው ሽቦውን ጠረግ አድርገው ደግመው ነኩ። አልበራችም። አንዱ እጁን ጥላ አድርጎ ከፀሐዩ ከለለላቸው፤ ጭል የሚል ብርሃን እንኳ የለም። እኔ ኪሴ ውስጥ ፊውዟን በሁለት ጣቴ ይዣታለሁ። ላብ አጥምቋት ነበር።

የመስታወት ቱቧቸውን አውጥተው አሲዱን ለኩ፤ ልኩ ወርዷል። ማጉያው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣው አድሮ እንዴት አይወርድ። ከዚያ ነጫጭ ጣቶቻቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ባትሪው ላይ አሳረፉ፤ ሲሸጡት እንዳደረጉት።

«ጥፋቱ ከኔ ነው» አሉ።

«ኧረ አባ፣ ዲሲ፣ ይተዉት» አለ አጎቴ። «ዕቃ ነው፤ ይበላሻል።»

«ዕቃው ምን ያውቃል? እኔ ነኝ የሞላሁት፣ እኔ ነኝ የለካሁት። ከድቼሃለሁ፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ሳቀ፣ «አብሽሩ» አላቸው፣ ጫት ላይ እንዲቀመጡ ጋበዛቸው። አውፍ ብያለሁ የምትለዋን ቃል ግን አላላትም። እሳቸውም አልተቀመጡም። በመጡበት ባጃጅ ተመልሰው ሌላ ባትሪ ይዘው መጡ። በኋላ እንደሰማሁት ለገዛ ቤታቸው መብራት ያስቀመጡትን ነው ያመጡት። እሳቸው እስኪመለሱ እኔ ፊውዟን ወደ ቦታዋ መልሼ ነበር። አዲሱ ባትሪ ሲታሰር ቴፑ ተከፈተ፣ መንዙማው ቀጠለ፣ ሽማግሌው የታመመውን ባትሪ አቅፈው ሄዱ።

በማግስቱ አጎቴ ቀትር ላይ ጋደም ሲል ዳሽቦርዱን ፈትቼ ሰማያዊዋን ሽቦ ወደ ትክክለኛ ቦታዋ አዛወርኳት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት ያቺን አምስት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ አንድ ቀን እንኳ አልተገፋችም። አጎቴም «አየህ፣ ልጁ ከመጀመሪያው ባትሪው ነው ብሎኝ ነበር» እያለ በየደረሰበት አወራልኝ። ክፍሏን ተከራየልኝ። በሩ ላይ በመረጥኩት ሰማያዊ ቀለም ጻፍኩ። አዎ፣ ሰማያዊ ነበር የመረጥኩት፤ ሰው እንዲህ ያደርጋል።

ወሬው ከሚሴን ለመዞር ሳምንት አልፈጀበትም። «የባትሪው ሽማግሌ ራሳቸው ጥፋቱ የኔ ነው አሉ» ተባለ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ይክድ፣ ይማል፣ ይጣላ ነበርና ሰው ግማሹን ይጠራጠር ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸው አምነዋል። የመስጊዱ ባትሪ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ቀጥሎ ሹፌሮቹ፣ ቀጥሎ ገበሬዎቹ። በሱቃቸው በኩል ሳልፍ ዓይኔን ወደ አስፋልቱ አደርግ ነበር። እሳቸው ግን ከውስጥ ሆነው ሰላም ይሉኛል፤ «አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?»

ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ታወቀብኝ ብዬ እየፈራሁ ሄድኩ። ቤታቸው አስገቡኝና አንድ ጥግ አሳዩኝ። ያ የተመለሰው ባትሪ እዚያ ተቀምጧል፤ በሱ ላይ የታሰረች ትንሽ አምፖል ፏ ብላ በርታለች። የዚያን ቀን የከተማው መብራት ጠፍቶ ነበር።

«ዓመቱ ነው እንግዲህ» አሉኝ። «ቻርጅ አደርገዋለሁ፣ ይይዛል። አስቀምጠዋለሁ፣ አይወርድም። እኔ እዚህ ሳየው ፈያ ነው፤ እዚያ መኪናው ላይ ግን ሞተ። ስንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ አልገጠመኝም። አሁን ሌላ ባትሪ ስሞላም እጄን አላምናትም፤ ሁለቴ ለክቼ ሦስተኛ እለካለሁ። አንተ ተምረሃል። ምንድን ነው ነገሩ? አስረዳኝ።»

እዚያች ቤት ውስጥ ከእሳቸውና ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም። አጎቴ የለ፣ ጓደኞቹ የሉ፣ ክፍሏም ተከራይታልኛለች። የምፈራው ነገር አልነበረኝም። እንዲያም ሆኖ አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«መንገጫገጭ ነው፣ አባ» አልኳቸው። «የጨፋ መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ የባትሪውን ሆድ ያናውጠዋል። ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ይድናል። ከሥሩ ለስላሳ ነገር ቢደረግለት ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር።»

ደረሳ ከሸኹ አፍ እየተቀበለ እንደሚደግመው፣ እያንዳንዷን ቃል ከአፌ እየተቀበሉ ደገሟት። ፊታቸው ፈታ አለ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ታዲያ እጄ አይደለችም። ባላውቅ ነው እንጂ እጄ አይደለችም።» ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ እውቀትህን አላህ ይጨምርልህ፣ ከልቤ ላይ ሸክም አወረድክልኝ ብለው። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። የመጀመሪያው ጥፋቴ የፍርሃት ነው፤ ለሱ እንኳ ለራሴ ምክንያት እፈልግለታለሁ። ለዚያ አሚን ግን ምንም ምክንያት አላገኘሁለትም።

ከዚያ ወዲህ ለሚሸጡት ለያንዳንዱ ባትሪ ከከመነዳሪ ጎማ እየቆረጡ፣ ሁለቴ እያጠፉ ከሥሩ ያደርጉ ጀመር። ለሰው ሁሉ ያስረዳሉ፤ «የተማረ ልጅ ነው የነገረኝ» ብለው። ሰዎቹ ጎማዋን ወደዷት፣ እሳቸውን እያስቆረጡ በየመኪናቸው አደረጓት። ባትሪውን ግን ከሌላ ሱቅ መግዛታቸውን አልተዉም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። ጀናዛቸው ላይ ብዙ ሰው ነበር። ሶላቱ ከመሰገዱ በፊት ልጃቸው ፊት ለፊት ቆመና እንደ ደንቡ፣ «አባቴ ላይ ሐቅ ያላችሁ ወደ እኔ ኑ፤ ያስቀየማችሁ ካለ አውፍ በሉት» አለ። ሰዉ አውፍ ብለናል አለ። በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ልጁ ግን ቀጠለ።

«ሲሞት አንድ ቃል አስይዞኛል» አለ፤ ዓይኑም አጎቴን በሰዉ መካከል ፈለገ። «ያንን ባትሪ አውፍ ይበለኝ፣ ያኔ አውፍ ብያለሁ አላለኝም ብሏል።»

አጎቴ ደነገጠ። እሱ ነገሩን ከረሳው ስንት ጊዜው። እንባው መጣና፣ «አውፍ ብዬዋለሁ፤ ወላሂ ከልቤ ነው፣ አላህ ይዘንለት» አለ። ሰዉ ሁሉ አሚን አለ። እኔ ከአጎቴ ጎን ቆሜያለሁ፤ ትከሻችን ይነካካል። እኚያ ሰው የእኔን ጥፋት ተሸክመው እስከ መቃብር አፍ ደረሱ፣ እዚያም ላይ የእኔን ይቅርታ ጠየቁልኝ። መናገር ነበረብኝ። አሚን ነው ያልኩት፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

አጎቴም ካለፈ አምስት ዓመት ሆነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ባለፈው ወር ከዚያ ሹፌር መኪና ጎማዋን ያወጣሁት። ሕመሙን ታውቀዋለህ፤ ያቺው ሰማያዊ ሽቦ ነበረች፣ የገጠመለት ሰው እንደ እኔ ቸኩሎ። አስተካከልኩለትና ሸኘሁት። ጎማዋን ግን ሱሪዬ ኪስ ከትቼ በድልድዩ በኩል ሄድኩ።

ልጃቸው በአባቱ ቦታ ጎማ ይጠግናል። ሳየው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ደስ አለው፤ በርጩማ አቀረበልኝ። ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ሽቦዋን፣ ማጉያው ላይ ያረፈ እጄን፣ ፊውዟን፣ ቤታቸው ውስጥ የነገርኳቸውን። የያዘው ከመነዳሪ ውስጥ ያለው አየር ቀስ እያለ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር።

«ባትሪው ፈያ ነበር ማለት ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ፈያ ነበር።»

«እጁም ልክ ነበረች?»

«ልክ ነበረች። አምፖሏም ልክ ነበረች። ፊውዟ እኔ ኪስ ነው የነበረችው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ታሞ ተኝቶ ሳለ እጁን እያገላበጠ ያያት ነበር» አለ።

አውፍ በለኝ አልኩት። የመለሰልኝ በቁጣ አይደለም።

«የኔን አውፍ ብያለሁ» አለኝ። «የሱን እኔ ልልህ አልችልም። የራሱ ነው፤ ይዞት ሄዷል።»

ልነሳ ስል ጎማዋን ከእጄ ወስዶ አያት፣ የአባቱን አቆራረጥ አወቀው መሰለኝ። ከዚያ መልሶ መዳፌ ላይ አስቀመጣት። «በየመኪናው አለች አይደል?» አለ። «ስታገኛት እያወጣህ ለባለቤቱ ንገረው። ሌላ ምን ታደርጋለህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲያ አደርጋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ኮፈኑን ዘግቶ ወደ ሌላ ሠራተኛ ይሄዳል። ያንተንም ባትሪ ሳነሳ ከሥሩ አገኘኋት፤ ይችውልህ፣ ውሰዳት ወይ ጣላት፣ ለባትሪህ የምትጠቅመው ነገር የለም። ይህን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ያደረግኩህም ለዚህ ነው። ሽማግሌውን ምናልባት አታውቃቸው ይሆናል። ከእጃቸው የወጣው ባትሪ ግን ጤነኛ ነበር፤ ይህን ለሰው ንገርልኝ።